ኤልበርታ እና የብርድ ሒሳብ

በዓለም ላይ ኤልበርታ ተብሎ የሚሸጥ የኮክ ዛፍ ሁሉ፣ ነገሩን ጠጋ ብለን ካየነው፣ አንድ ዛፍ ነው። የመጀመሪያዋ እናት በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ማርሻልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ከተዘራ አንድ ዘር በቀለች። ከዚያ ወዲህ የበዙት ሁሉ ከእሷ ቀንበጥ ላይ ዓይን እየተነሣ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተዳቀሉ ናቸው። እናት ዛፏ ከደረቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ አካሏ ግን እስከ ዛሬ በየአገሩ ያብባል። የዚህች ዛፍ ታሪክ ኮክ መትከል ለሚያስብ ሰው ከማንኛውም የእርሻ መመሪያ በላይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንድ ዝርያ ለምን እንደሚነግሥ፣ ለምንስ ከዙፋኑ እንደሚወርድ፣ የትኛው አገር ላይ ደግሞ ፈጽሞ ሊነግሥ እንደማይችል በአንድ ላይ ታሳያለች።

ዘሩን የዘራው ሳሙኤል ሄንሪ ራምፍ ያኔ ገና 19 ዓመቱ ነበር። የዘራው “ቻይኒዝ ክሊንግ” ከሚባል ዛፍ የተገኘ ዘር ነው። ይህ ቻይኒዝ ክሊንግ ራሱ እንግዳ ነበር። ቻርልስ ዳውኒንግ የተባለው የኒው ዮርክ የፍራፍሬ ሊቅ በ1850 በሻንጋይ ከነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ በኩል አስመጥቶት ወደ ደቡብ ግዛቶች የተሻገረ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋው ነጭና ጭማቂ የሞላው ነው፤ ግን ሥጋው ከዘሩ ጋር እንደ ተጣበቀ ነው የሚቀረው። በማርሻልቪሉ እርሻ ከአጠገቡ ሌሎች ኮኮች ተተክለው ነበር፤ ከእነሱ አንዱ “ኧርሊ ክሮፎርድ” የተባለው፣ ሥጋው ቢጫ የሆነና ከዘሩ በቀላሉ የሚላቀቅ ዝርያ ነው። ብዙ አዋቂዎች የኤልበርታ አባት እሱ ነው ብለው ያምናሉ። የአበባውን ዱቄት ያሻገረው ሰው አልነበረም፤ ንብ እንጂ። ራምፍ ችግኙ አድጎ ፍሬውን ሲያይ የያዘውን ነገር ዋጋ ተረዳ፤ በሚስቱ በክላራ ኤልበርታ ሙር ስምም ጠራው።

እዚህ ላይ ኮክን ከአፕል የሚለየውን ጠባይ ማንሣት ያስፈልጋል። አፕል አብዛኛውን ጊዜ የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም፤ ስለዚህ ከአፕል ዘር የሚበቅለው ልጅ እናቱን መምሰሉ ብርቅ ነው። ኮክ ግን አበባው ሳይከፈት ወይም ገና ሲከፈት በራሱ ዱቄት ሊፀንስ ይችላል። በዚህም ምክንያት ከዘር የበቀለ ኮክ እናቱን በመጠኑ ይመስላል፤ ደጋው አገራችን ውስጥ በየጓሮው ያለው ኮክ ማንም ሳያዳቅለው ከትውልድ ትውልድ በዘር ብቻ ተሻግሮ እስከ ዛሬ የሚበላ ፍሬ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በመጠኑ መምሰል ግን አንድ መሆን አይደለም። የጎረቤታሞች ሁለት ዛፎች ከአንድ ፍሬ ዘር ቢበቅሉ እንኳ አንዱ ጎምዛዛ፣ ሌላው ማር ሊሆን ይችላል። ቁርጥ ያለ ዝርያ የሚኖረው ዓይን እየተነሣ ሲዳቀል ብቻ ነው።

ኤልበርታ ምን ትመስላለች? ፍሬዋ ትልቅ ነው፤ ቅርጹ ሞላላ ሆኖ ጫፉ ትንሽ ሹል ይላል። ቆዳዋ ወርቃማ ቢጫ ሲሆን ፀሐይ ያገኘው ጉንጯ ይቀላል። ሥጋዋ ቢጫ ነው፤ ወደ ዘሩ ሲጠጋ ቀይ ክር ይጀምረዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በደንብ ስትበስል ለሁለት ከፍለው ጠምዘዝ ሲያደርጓት ዘሩ ጥርግ ብሎ ይወጣል። በቆርቆሮና በጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካም፣ ቤቷ ውስጥ ለብርዱ ወራት የምታዘጋጅ የገበሬ ሚስትም የፈለጉት ይህንን ነበር። ዛፏ ብርቱ ናት፤ ብዙ ታፈራለች፤ በራሷ ዱቄት ስለምትፀንስ ብቻዋን ብትተከልም ችግር የለባትም። በልዩ ልዩ አፈርና አየር ውስጥም ራሷን ትችላለች፤ ከጆርጂያ እስከ ሚሺጋን፣ ከኒው ዮርክ እስከ ዩታ ተተክላለች። ዩታ ውስጥም፣ ሚሺጋን ውስጥም በዚህች ኮክ ስም የተሰየሙ ትናንሽ ከተሞች አሉ።

ጣዕሟስ? እውነቱን ለመናገር መካከለኛ ነው። የኒው ዮርኩ የፍራፍሬ ተመራማሪ ዩሊሲስ ሄድሪክ በ1917 ባሳተመው ትልቅ የኮክ መጽሐፍ ኤልበርታን የገበያ ንግሥት አድርጎ ሲያስቀምጣት ጣዕሟን ግን ከዝናዋ እኩል አላመሰገነውም። በዘሩ ዙሪያ ትንሽ የመምረር ነገር አላት። እሷን ያነገሣት ሌላ ነገር ነው፦ መንገድ መቻሏ። የዚያ ዘመን ጥሩ ጥሩ ኮኮች ከዛፍ በተቀጠፉ በማግሥቱ የሚላሽቁ ነበሩ፤ ኤልበርታ ግን ሥጋዋ ጠንከር ያለ በመሆኑ ባቡር ላይ ተጭና ኒው ዮርክ ድረስ በደህና ትደርሳለች። ራምፍም ይህን ጠባይዋን በሚገባ ተጠቀመበት። ፍሬው ሳይጨፈለቅ የሚደረደርበት የእንጨት ሳጥንና በረዶ እየተሞላ ባቡር ላይ የሚጫን ማቀዝቀዣ ሠራ። ሁለቱንም በስሙ አላስመዘገበም፤ የፈለገ ሁሉ ቀዳቸው።

ንግሥናው የሰውም ታሪክ አለበት። ጆርጂያ የጥጥ አገር ነበረች፤ ኮክ የተስፋፋው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባሮች ነፃ ከወጡ ወዲህ ነው። ነጭ ባለ መሬቶች ኮክን የወደዱበት አንዱ ምክንያት የሥራ ወቅቱ ከጥጥ ጋር ስለማይጋጭ ነው። ቅርንጫፍ መግረዙ በብርዱ ወራት፣ ለቀማው ደግሞ ጥጡ ከታረመ በኋላ ለለቀማ ሳይደርስ ይሆናል። ስለዚህ ያው በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራው ጥቁር ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ በእርሻው ላይ ይቆያል። በየፖስታ ካርዱ ላይ የሚታየው ሮዝ አበባ የለበሰ ኮረብታ በማን እጅ እንደተገረዘ የሚናገር ሥዕል እምብዛም የለም። ያም ሆነ ይህ በ1924 ጆርጂያ ከሁለት አውራጃዎች ቆርሳ “የኮክ አውራጃ” የሚል ስም ያለው አዲስ አውራጃ አቋቋመች፤ በ1928ም የግዛቷ ምርት ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ኤልበርታን ያወረዷት ዘሮቿ ናቸው። ከእሷ ዘር እንደበቀለ የሚታመነው “ጄ. ኤች. ሄል” በ1912 ለገበያ ወጣ። ፍሬው ከእሷ ይበልጣል፣ ክብ ነው፣ ቆዳው ላይ ያለው ፀጉርም ያነሰ ነው። አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለው፦ የአበባው ዱቄት መካን ስለሆነ አጠገቡ ሌላ ዝርያ ካልተተከለ አያፈራም። ሚሺጋን ውስጥ ሳውዝ ሄቨን በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ስታንሊ ጆንስተን የሚባል አዳቃይ ከዚህ ሄል የተወለዱ ሁለት ዝርያዎችን አገናኝቶ በ1940 “ሬድሄቨን”ን አወጣ። ሬድሄቨን ከኤልበርታ ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ ተቆርጦ ሲቀመጥም ቶሎ አይጠቁርም። ዛሬ የችግኝ ነጋዴዎች የአንድን ኮክ መድረሻ ጊዜ የሚናገሩት “ከሬድሄቨን ይህን ያህል ቀን በፊት” ወይም “በኋላ” እያሉ ነው።

ሬድሄቨን ሲያሸንፍ ቀይ ቀለም አብሮ አሸነፈ፤ ይህ ደግሞ ገዢን የሚያሳስት ነገር አመጣ። አዳዲሶቹ ዝርያዎች ገና ጥሬ ሳሉ ጉንጫቸው ይቀላል። መቅላት ማለት ፀሐይ ማየት እንጂ መብሰል አይደለም። የበሰለን ኮክ የሚነግራችሁ ከቀዩ ሥር ያለው መደብ ቀለም ነው፤ በተለይ በፍሬው ማንጠልጠያ ዙሪያ አረንጓዴነቱን ትቶ ወደ ቢጫ (ነጭ ሥጋ ባለው ደግሞ ወደ ክሬም) ከተቀየረ ደርሷል። ከዛፍ የተቀጠፈ ኮክ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይጨምራል፤ ጣፋጭነቱ ግን አይጨምርም፤ እንደ ሙዝ ወደ ስኳር የሚለወጥ የተጠራቀመ ስታርች የለውምና። ሌላም አለ፦ ያልበሰለ ኮክ በቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ማለትም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ፣ ብዙ ቀን ከቆየ ሥጋው ደርቆ ጥጥ ጥጥ ይላል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ኮክ መልኩ አምሮ አፍ ውስጥ እንደ ገለባ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ኮክ ውጪ ይብሰል፣ ከበሰለ በኋላ ይቀዝቅዝ።

ስለ ነክታሪንም በዚሁ አጋጣሚ። ነክታሪን የኮክና የፕለም ዲቃላ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ሐሰት ነው። ነክታሪን ፀጉር የሌለው ኮክ ነው፤ ሌላ አይደለም። ፀጉሩን የሚያበቅለው ዘረመል ላይ ሌላ ቁራጭ ገብቶ ሥራውን ስላቆመው ቆዳው ለስልሶ ይቀራል። ለውጡ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ሁለት ፀጉራም ኮኮች ነክታሪን ሊወልዱ ይችላሉ፣ ሁለት ነክታሪኖች ግን ፀጉራም ልጅ አይወልዱም። አንዳንዴ ደግሞ በአንድ የኮክ ዛፍ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻዋን ነክታሪን ታፈራለች፤ ዳርዊን ይህን ነገር ከየቦታው ሰብስቦ በ1868 ባወጣው መጽሐፉ ላይ ጽፎታል። አተካከሉም እንክብካቤውም አንድ ነው፤ ፀጉር የሌለው ቆዳ ለተባይና ለመበስበስ ትንሽ ይበልጥ መጋለጡ ብቻ ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብርዱ እንግባ።

ኮክ ሰው ያለመደው ከ7,000 ዓመት በፊት አካባቢ ቻይና ውስጥ ነው፤ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት የብርድ ወቅት ካለበት አገር የወጣ ዛፍ ነው። በልግ መስሎት በብርዱ መካከል በሚመጣ የጥቂት ቀን ሙቀት ቢያብብ ቀጣዩ ውርጭ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እንቡጡ ውስጥ ቁልፍ አለው፦ የተወሰነ ብርድ እስኪቆጥር ድረስ ምንም ያህል ሙቀት ቢመጣ አይነቃም። ይህን ቁልፍ የያዙት ስድስት ጎን ለጎን የተደረደሩ ዘረመሎች ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ የተገኘ አንድ እንግዳ የኮክ ዛፍ አለ፤ ከስድስቱ አራቱ የሉትም፤ እሱ ብርድ ቢመጣም እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ጫፉ ማደጉን አያቆምም።

የብርዱ መጠን የሚለካው “የብርድ ሰዓት” በሚባል ነው። ቀላሉ መለኪያ ከ7.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆኑትን ሰዓቶች መደመር ነው። በዚህ ስሌት ኤልበርታ ከ800 እስከ 850 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። ይህ ቁጥር ሳይሟላ የብርዱ ወቅት ካለፈ ዛፉ አይሞትም፤ ግራ ይገባዋል። ቅጠሉ ዘግይቶ እዚህም እዚያም ይወጣል፤ ብዙው የአበባ እንቡጥ ሳይከፈት ይረግፋል፤ የተከፈተውም ተንዘላዝሎ ለሳምንታት ይቆያል፤ ፍሬ ቢይዝ ቁጥሩ ጥቂት፣ ቅርጹም የተንሻፈፈ ይሆናል።

ከሰዓት ቆጠራው የተሻለ ዘዴ የወጣው በ1974 በዩታ ነው፤ ሪቻርድሰን፣ ሲሊ እና ዎከር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ሠሩት። የጥናታቸው ዛፎች ሬድሄቨንና ኤልበርታ ነበሩ፤ ዛሬ በመላው ዓለም “የዩታ ስሌት” የሚባለው ነገር የተወለደው ከእነዚህ ሁለት ኮኮች ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ2.5 እስከ 9.1 ዲግሪ ያለ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ ካለ ግማሽ ነጥብ። ከበረዶ ነጥብ በታች የሆነ ብርድ ምንም አይቆጠርም፤ ዛፉ የሚፈልገው ቅዝቃዜ እንጂ በረዶ አይደለም። ከ12.5 እስከ 16 ዲግሪ ገደማ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ ግን ሒሳቡ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያለ ሰዓት ግማሽ ነጥብ፣ ከ18 በላይ ያለ ሰዓት ደግሞ ሙሉ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። ሌሊት ያጠራቀመውን ቀኑ ያወጣዋል ማለት ነው። በኋላ እስራኤላዊው አምኖን ኤሬዝና ባልደረቦቹ ይህን አሻሻሉት፤ ብርዱ በቂ ቆይታ ካገኘ አንድ ክፍል ሆኖ ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሙቀት አያጠፋውም የሚል ስሌት አወጡ። ሞቃት ቀን ላላቸው አገሮች የኋለኛው ይበልጥ ይስማማል።

የብርድ ሒሳብ ቀልድ አለመሆኑን የኤልበርታ አገር ራሷ በቅርቡ አይታዋለች። በ2017 ጆርጂያ ውስጥ የብርዱ ወራት ከመጠን በላይ ሞቃት ስለነበሩ አብዛኛው የኮክ ምርት ጠፋ። በ2023 ደግሞ የባሰ ሆነ፤ መጀመሪያ ሙቀቱ ዛፎቹን አደናገረ፣ ቀጥሎ ቀድመው ያበቡትን በማርች የመጣ ውርጭ መታቸው፤ ከግዛቷ ምርት ከ90 በመቶ በላይ አልተገኘም። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ የኮክ አበባ በ2.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲመታ ከአሥሩ አንዱ ይሞታል፤ በ4.4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከአሥሩ ዘጠኙ። ልዩነቱ ከሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ኮክ በሸለቆ ታች ሳይሆን ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች በሚፈስስበት ተዳፋት ላይ ይተከል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ እርሻው እንውረድ። ኮክ ከአፈር ብዙ ነገር ይችላል፤ የማይችለው አንድ ነገር የቆመ ውሃ ነው። ሥሩ ጥቂት ቀን ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይታፈናል። ስለዚህ መረሬ ወይም ዋልካ መሬት ላይ፣ በተለይ ክረምቱ በሚበረታበት አገር፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ካልሆነ ባይተከል ይሻላል። የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። የቆየ ኮክ በተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ አዲስ ኮክ መትከልም ጥሩ አይደለም፤ አፈሩ ውስጥ የቀሩት ጥቃቅን የሥር ትሎችና የሥር በሽታዎች አዲሱን ያቀጭጩታል።

መግረዝ ላይ ግን ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ፤ ጓሮ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ኮኮች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነውና። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ወቅት በወጣ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው። ዘንድሮ የወጣው ለከርሞ ያፈራል፤ ካፈራ በኋላ ያ ክፍል ዳግመኛ አያፈራም። ዛፉ ዝም ከተባለ ፍሬው በየዓመቱ ወደ ጫፍ ይሸሻል፣ ከታች ያለው ራቁቱን ይቀራል፣ በመጨረሻም ፍሬው በመሰላል እንኳ የማይደረስበት ቦታ ይሆናል። መፍትሔው በየዓመቱ ያለ ርኅራኄ መቁረጥ ነው። ልምድ ያላቸው ገበሬዎች ባለፈው ዓመት ከበቀለው ግማሽ ያህሉን ያስወግዳሉ። ለጀማሪ ጨካኝ ይመስላል፤ አፕልን በዚህ ልክ ብትቆርጡት ትበድሉታላችሁ፣ ኮክን በዚህ ልክ ካልቆረጣችሁት ትበድሉታላችሁ።

ቅርጹ ከመጀመሪያው ይያዛል። ችግኙ ሲተከል ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆረጣል፤ ከዚያ በታች ከሚወጡት ሦስት ወይም አራት ጠንካራ ቅርንጫፎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ እንዲሄዱ ተደርጎ መሐሉ ክፍት ይቀራል። ፀሐይ ያላየ ቀንበጥ የአበባ እንቡጥ አይቋጥርምና። ስትቆርጡ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን ቀያማ ቀንበጦች ተዉ፤ በእነሱ ላይ ብዙ ጊዜ በአንድ አንጓ ሦስት እንቡጥ ታያላችሁ፦ መሐሉ ሹልና ቀጭን የሆነው ቅጠል ይሆናል፣ ግራና ቀኝ የወፈሩት አበባ ናቸው። ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የሚተኮሱትን ወፋፍራም ቀንበጦች ቁረጡ። ጊዜው እንቡጡ ሊያብጥ ሲቃረብ ይሁን፤ ጆርጂያ ውስጥ በብርዱ መግቢያ ላይ የተገረዙ ዛፎች ዕድሜያቸው እንደሚያጥር በብዙ ጥፋት ታውቋል።

ሁለተኛው ጭካኔ ፍሬ ማሳሳት ነው። ጤነኛ ኮክ ሊሸከም ከሚችለው እጅግ የበለጠ ይቋጥራል። ካበበ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ዘሩ ሳይጠነክር፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ ፍሬ ብቻ እንዲቀር ሌላው ይለቀማል። አንድ ፍሬ በደንብ እንዲጣፍጥ ከ35 እስከ 40 ቅጠል ሊመግበው ይገባል። ጓሯችሁ ያለው ኮክ ፍሬው እንደ ዋልነት ትንሽ ከሆነ ዝርያውን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ዓመት አሳሱትና እዩ። ውሃውም በጊዜው ነው፦ ፍሬው መጀመሪያ ያድጋል፣ ዘሩ ሲጠነክር ይቆማል፣ ከዚያ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ድንገት ያብጣል፤ ያን ጊዜ ከተጠማ የወሩ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ከበሽታዎቹ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። ቅጠሉ ወፍሮ፣ ቀልቶና ተጨማዶ ካያችሁ ታፍሪና የሚባል ሻጋታ ነው፤ ከታየ በኋላ የሚረጭ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። የሻጋታው ዘር ቅርፊትና እንቡጥ ላይ ተቀምጦ ስለሚቆይ፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ወይም እንቡጡ ሳያብጥ አንዴ የመዳብ መድኃኒት መርጨት ይበቃዋል። ሁለተኛው የበሰለ ፍሬን ግራጫ ብናኝ አልብሶ የሚያበሰብሰው ቡናማ መበስበስ ነው። ደርቆ ዛፍ ላይ የቀረ ፍሬ የሚቀጥለው ዓመት ምንጩ ስለሆነ፣ አንድም ሳይቀር ለቅሞ መቅበር ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ይህን ሁሉ ያነበበና የኢትዮጵያ ደጋ ላይ መሬት ያለው ሰው ኤልበርታን ቢመኝ አልፈርድበትም፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። አዲስ አበባን እንውሰድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጥሩ ነጥብም ያስገኛል፤ ቀኑ ግን ከ20 ዲግሪ ይበልጣል። በዩታ ስሌት ሌሊቱ የሰጠውን ቀኑ መልሶ ይወስደዋል፤ 800 አይደለም ከዚያ በጣም ያነሰውም አይሞላም። የአገራችን የጓሮ ኮክ የሚያፈራው በትውልድ ብዛት ብርድ የማይፈልጉት እየተመረጡ ስለቀሩ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ጨንቻ ላይ አፕል የተሳካለትም በዚሁ መንገድ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ እዚያ ከሚተከሉት አንዱ “አና” እስራኤል ውስጥ ለጥቂት ብርድ ሆን ተብሎ የወጣ ዝርያ ነው።

ለኮክም እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ራልፍ ሻርፕ፣ ከእሱም በኋላ ዌይን ሸርማን፣ ከደቡብ ቻይናና ከኦኪናዋ የመጡ ብርድ የማይጠይቁ ኮኮችን ጣዕም ካላቸው የሰሜን ዝርያዎች ጋር አዳቀሉ። ከእነዚህ የተገኘችው “ፍሎርዳፕሪንስ” 150 ሰዓት ብቻ ይበቃታል፤ በግብፅ በሰፊው ትመረታለች። “ትሮፒክ ቢዩቲ”ም በ150 አካባቢ ናት። የሐሩር ደጋ ገበሬዎች ሌላም ዘዴ አላቸው፦ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ውሃ ያቆማሉ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይተውም ቅጠሉን በእጅ ያራግፋሉ። ዛፉ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳይገባ እንደገና ያብባል፤ ዘዴው የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው ብርድ ለማይጠይቅ ዝርያ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አትላንታ ወይም ቨርጂንያ ውስጥ ጓሮ ያላችሁ ብርዱ ይበቃችኋል፤ ኤልበርታም ሬድሄቨንም ተክሉ፣ አንድ ዛፍ ብቻውን ያፈራል፤ ሄልን ከመረጣችሁ ግን አጠገቡ ጓደኛ አድርጉለት። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቀንበጥ በሻንጣ አትያዙ። የፕለም ፖክስ ቫይረስ ከአገር አገር የሚሻገረው በእንዲህ ያለ ዓይንና ቀንበጥ ነው፤ በ1999 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሲገኝ እሱን ለማጥፋት ብዙ የኮክ እርሻ ተነቅሏል። ሸዋ ወይም ትግራይ ወይም ጎንደር ደጋ ላይ ኮክ ለመትከል የምታስቡ ደግሞ ችግኝ ሻጩን ከስሙና ከፍሬው ፎቶግራፍ በፊት የብርድ ሰዓቱን ጠይቁት። ከ200 በላይ ካለ እለፉት። ቁጥሩን ካላወቀ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙና በሰፈራችሁ በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚያፈራውን፣ ጣዕሙም የተመሰገነውን ዛፍ ፈልጉ፤ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከዚያ ዛፍ ዓይን አንሥታችሁ በራሳችሁ የኮክ ችግኝ ላይ አዳቅሉ።